ሲ ላይ ለምትዘፍን ድምጻዊት በየትኛው ኪይ ርካሽ ቲን ዊስል ልግዛ?

የሸዋበሩ ልጅ፦

ሰላም ጀማዓ፣ እንዴት ናችሁ? አንድ ምክር ፈልጌ ነው።

ደሴ ውስጥ ትንሽ ቡድን አለን። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ኪቦርድ እና አንዲት ድምጻዊት። እኔ ዋሽንት ነኝ። በቅርቡ የአጎቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ቲን ዊስል አመጣችልኝ። ለማታውቁት፣ አየርላንዶች የሚነፉት ቀጭን የብረት ቱቦ ነው። አፉ ፕላስቲክ ነው፣ ስድስት ቀዳዳ አለው። እንደ እኛ ዋሽንት ከንፈር ማስተካከል አይጠይቅም፣ አፍህ ውስጥ ከተህ ትነፋዋለህ። የኔው ላይ ኪዩ (የተቃኘበት ድምፅ) «ዲ» ተብሎ ተጽፎበታል።

በጣም ወድጄዋለሁ፣ ግን ከቡድኑ ጋር አልገጠመልኝም። ድምጻዊታችን የምትገባው ከሲ ኖታ ነው። ከቅኝቶቻችን የምትወደው ትዝታ ማይነርና አምባሰል ነው፣ ባቲ ማይነርም ትዘፍናለች። የአጎቴ ልጅ በቅርቡ ተመልሳ ትመጣለች፣ አንድ ብቻ ላስመጣ ነው ያሰብኩት። ሲ ዊስል ልዘዛት? የትኛው ዓይነት ይሻላል? ውዱን አልችልም፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

የኮምቦልቻ ኦርጋን፦

እሷ ከሲ ከገባች ሲ ግዛ ወንድሜ። ምን ያስጨንቅሃል።

ክራር ዘሐይቅ፦

እንዳትቸኩል! ሲ ከገዛህ ብርህን አውጥተህ እዚያው ችግር ላይ ነው የምትቆመው።

ዊስሉ ላይ የተጻፈው ፊደል ስድስቱም ቀዳዳ ሲዘጋ የሚወጣው ድምፅ ነው። ከዚያ ከታች ጀምረህ ጣትህን አንድ በአንድ ስታነሳ የሚመጣልህ ሜጀር ስኬል (ዶ ሬ ሚ የሚባለው ተራ) ነው። ሲ ዊስል የሚሰጥህ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ነው። አሁን የእሷን ቅኝት እይ። ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ፣ ሻርፕ ማለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ነው።

ትዝታ ማይነር ከሲ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት።
አምባሰል ከሲ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት።
ባቲ ማይነር ከሲ፦ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት።

በእያንዳንዱ ውስጥ ሲ ዊስል ላይ የሌሉ ሁለት ሁለት ኖታዎች አሉ። ቀዳዳ በግማሽ እየዘጋህ ልታወጣቸው ትችላለህ። ግን ትዝታ ላይ ድምፁን እያንቀጠቀጥክ በየሐረጉ ግማሽ ቀዳዳ መፈለግ ጣትህን ይገድለዋል። ትዝታ ሜጀር ወይም ባቲ ሜጀር ብትዘፍን ኖሮ ሲ ዊስል ልክ ይገባ ነበር፣ እነሱ ሙሉ በሙሉ ሲ ሜጀር ውስጥ ናቸው። እሷ ግን የምትዘፍነው ሌላውን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቅኝቱን ጠይቅ። ድምጻዊቷ የምትገባበት ኖታ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ለሷ የሚሆንህ ኢ ፍላት ዊስል ነው።

የሸዋበሩ ልጅ፦

ኢ ፍላት? እሷ ከሲ እየገባች እኔ ኢ ፍላት ልያዝ? እስቲ አብራራልኝ ወንድም፣ አልገባኝም።

ክራር ዘሐይቅ፦

ኢ ፍላት ዊስል የሚሰጥህ ይህን ነው፦ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ። ከላይ የጻፍኩልህን ትዝታ ማይነር አስተያየው። ሲ አለ፣ ዲ አለ፣ ኢ ፍላት አለ፣ ጂና ኤ ፍላትም አሉ። አንድም የጎደለ የለም። ባቲ ማይነርም እንደዚያው።

አምባሰል ላይ የሚጎድልህ ዲ ፍላት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ቀላል ነው። የላይኛውን ቀዳዳ ክፈት፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዝጋ፣ የቀሩትን ሦስቱን ክፈት። ሰባተኛው ኖታ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል። ይሄ አያያዝ በአብዛኞቹ ተራ ቲን ዊስሎች ላይ ይሠራል፣ አየርላንዶቹም ራሳቸው ሁልጊዜ የሚጠቀሙበት ነው።

የሙዚቃው መነሻ ሲ ይሁን እንጂ ዊስሉ ላይ ሲ ታች አይደለችም። ከላይኛው ቀዳዳ በቀር ሁሉንም ከፍተህ ነው የምታገኛት። የኛ ቅኝቶች መነሻቸው ሜጀር ስኬሉ ውስጥ በተለያየ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ትዝታ ማይነርና ባቲ ማይነር ስድስተኛው ላይ ይመቻቸዋል። አምባሰል ሦስተኛው ላይ ያለ ምንም ማጠፍ (ኖታ ሳታወርድ) ይገባል፣ ሰባተኛውን ዝቅ ካደረግህለት ደግሞ ስድስተኛው ላይም ይገባል። ትዝታ ሜጀር አንደኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ላይ ይሄዳል። ባቲ ሜጀር አንደኛው ላይ።

ይህን ከያዝክ እጅህ ላይ ያለው ዲም ብዙ ይናገርልሃል። ዲ ዊስል ላይ ትዝታ ማይነር ከቢ ታገኛለህ፦ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ። አምባሰል ከኤፍ ሻርፕ ታገኛለህ፦ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ። ልብ ካልክ አምስቱ ኖታዎች አንድ ናቸው፣ የተለያየው መነሻው ነው። ዛሬ ማታ ሞክረው፣ ሳትገዛ።

ወሎዬ ከደብሊን፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ የምኖርበት አገር ዕቃው በየሙዚቃ ሱቁ ስላለ ስለ ዓይነቱ እኔ ልናገር። የቅኝቱን ነገር ወንድማችን ጥሩ አድርጎ አስረድቷል።

ርካሽ ከተባለ ከ10 እስከ 20 ዶላር ባለው ውስጥ ጥሩ ጥሩ አለ። ፌዶግ፣ ዋልተንስ፣ ጄነሬሽን፣ ክላርክ የሚባሉት ናቸው። እዚህ ትልልቅ ተጫዋቾች ሳይቀሩ ከነዚህ አንዱን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ታያቸዋለህ። ርካሽ ስለሆነ ብቻ መጫወቻ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት።

ክላርክ ከሁሉም የቆየው ነው። ሮበርት ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1843 ከቆርቆሮ ጠቅልሎ መሥራት ጀመረ። «ቲን» ማለትም ቆርቆሮ ነው። የድሮው ዓይነት ክላርክ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፣ አፉ ውስጥ የእንጨት ውታፍ አለው። ድምፁ ትንፋሽ የተቀላቀለበት፣ ለስለስ ያለ ነው። ለኛ ዋሽንት የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። ግን ብዙ አየር ይበላል፣ የሚገኘውም በዲና በሲ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ርካሾቹ አብዛኞቹ ዲ ናቸው፣ ትንሽ ሲ ይጨመራል። ምክንያቱም የአየርላንድ ዘፈን አብዛኛው በዲና በጂ ነው፣ ዲ ዊስል ለሁለቱም ይበቃል። ከዚያ የወጣ ኪይ በዚህ ዋጋ ከፈለግህ በተለምዶ የሚሄዱት ወደ ጄነሬሽን ነው። ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ እና ጂ ይሠራል። ቱቦው ናስ ወይም በኒኬል የተለበጠ ነው። በሁለቱ መካከል የድምፅ ልዩነት አለ የሚል ሰው ይኖራል፣ እኔ አልሰማሁም። የወደድከውን ቀለም ውሰድ።

ዲክሰንና ሱሳቶ የሚባሉም አሉ፣ አብዛኞቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ በብዙ ኪይ ይገኛሉ። ጥሩ ናቸው፣ ግን ዋጋቸው ከፍ ይላል።

ጋሼ ባለዋሽንቱ፦

ልጆች፣ ጥሩ ነገር እያነሳችሁ ነው። እኔም የምጨምረው አለኝ።

የኢ ፍላቱ ሂሳብ ልክ ነው። ነገር ግን ድምፁን በጆሮ አስቡት። ድምጻዊቷ ከመካከለኛው ሲ ገብታ ስትዘፍን፣ ኢ ፍላት ዊስል ላይ ያለችው ሲ ከሷ ሁለት ኦክታቭ (ሁለት ሙሉ ስኬል) ወደ ላይ ትርቃለች። ትንሽ ቱቦ ነው፣ ድምፁ ስለታም ነው። ለጭፈራ ይሆናል። ለትዝታ ግን እኔ አልመርጠውም። ትዝታ ላይ ዋሽንት ከድምጻዊቷ ጎን ቁጭ ብሎ ሲያዝን ነው የሚያምረው። ከራሷ በላይ ወጥቶ ሲያፏጭ አይደለም።

ስለዚህ ቢ ፍላት ይታሰብበት። ረዘም ይላል፣ ድምፁ ወፈር ይላል። ሲ ሁለተኛው ኖታ ላይ ናት፣ ከታች ያለችውን አንዷን ቀዳዳ ብቻ ከፍተህ። ከዚያ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ። ኤ ፍላቷን በዚያው ወንድማችሁ በጻፈው አያያዝ ታወጣታለህ። ትዝታ ማይነሩ በሙሉ ትንፋሽ ሳትጨምርበት በዝቅተኛው ኦክታቭ ውስጥ ያልቃል። ባቲ ማይነርም እዚያው ከሲ ይገኛል፣ ቢ ፍላቷን ትንሽ ጠንከር አድርገህ ነፍተህ ከላይ ታመጣታለህ።

የኛ ባለዋሽንቶች በአንድ ሸምበቆ ሁሉንም አልተጫወቱም። ዋሽንታችን በተለምዶ አራት ቀዳዳ ስለሆነ ለየድምጻዊው የሚሆን ርዝመት ይመረጣል። ባለሙያ ከሆነ አንድ እቅፍ ዋሽንት ይዞ ነው የሚሄደው። ለኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የነፋውን የዮሐንስ አፈወርቅን ዋሽንት ፈልጋችሁ ስሙ። ድምፁ ከዘፈኑ ጋር እንዴት እንደሚተኛ ታዩታላችሁ። ቲን ዊስል ስትመርጡም ያንን ድምፅ በጆሯችሁ ይዛችሁ ምረጡ።

ክራር ዘሐይቅ፦

ጋሼ፣ ልክ ብለዋል፣ ስለ ድምፁ አልከራከርዎትም። ግን አምባሰሉስ? ቢ ፍላት ዊስል ላይ አምባሰል ከሲ አይወጣም። ዲ ፍላቷ የለችም፣ ያለው በግማሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ አምባሰል ትወዳለች ተብሏል። የወሎ ልጅ ሆና አምባሰልን ልትተው አይደል!

ጋሼ ባለዋሽንቱ፦

እሱስ እውነትህን ነው ልጄ። ቢ ፍላት ላይ አምባሰል ሳይታጠፍ የሚገባው ከዲ ነው፦ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት። ድምጻዊቷ አንድ ድምፅ ከፍ ብላ ከገባች ይሆናል። አምባሰል ከፍ ተብሎ ሲዘፈን ያምርበታል ባይ ነኝ። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን እንዴት ወደ ላይ እንደምታወጣው አስቡ። ግን ጉሮሮዋን የምታውቀው ራሷ ናት፣ እሷን ጠይቋት።

የኮምቦልቻ ኦርጋን፦

እኔ መጀመሪያ ሲ ግዛ ብዬ ነበር። አሁን የተጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር መጣልኝ፣ ምንም የማያስወጣ።

ኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝ የሚል ቁልፍ አለ። አንድ ወደ ታች ጫኑት። ኪቦርዲስቱ ጣቱ ከሲ ይጫወታል፣ የሚወጣው ቢ ነው። ክራሩና ማሲንቆው ደግሞ መቃኛቸውን ነካ አድርገው ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። አሁን ሁላችሁም ቢ ላይ ናችሁ። ቢ ላይ ደግሞ ክራር ዘሐይቅ እንዳለው የያዝከው ዲ ዊስል ትዝታ ማይነር አለው። ባቲ ማይነርም አለው፦ ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ። አምባሰሉም ሰባተኛውን ዝቅ አድርገህ ከቢ ይወጣል፦ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ።

ድምጻዊት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብትል ብዙ ጊዜ አይከብዳትም፣ እንዲያውም ላይኛው ኖታ ይቀልላታል። ሦስቱም ቅኝት በአንድ መነሻ፣ በያዝከው ዕቃ። ኢ ፍላት ዊስል ብትገዛ የምታገኘው እኮ ይህንኑ ነው፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ። ብርህን ለሌላ ነገር አስቀምጠው።

ክራር ዘሐይቅ፦

ይሄ ምርጥ ሐሳብ ነው! ክራር ማውረድ ለኔ የደቂቃ ሥራ ነው። ብረት መሣሪያ የያዘው አይንቀሳቀስም፣ አውታር የያዘው ይንቀሳቀስለት።

ማሲንቆ ኩታበር፦

ማሲንቆም አንድ አውታር ነው፣ ዞር ታደርገዋለህ ያልቃል። አዝማሪ ድሮም ለድምጻዊው ነው የሚቃኘው፣ በየትኛው ፊደል እንደሆነ አይጠይቅም።

እኔ የምፈልገው ሌላ ነገር መናገር ነው። ኖታዎቹን በፒያኖ ስም ስትጽፏቸው ቅርብ ናቸው እንጂ ቅኝቱ ራሱ አይደሉም። አምባሰል ላይ ሁለተኛዋን ኖታ እኔ የማስቀምጣት በጆሮዬ ነው። አንዳንዴ ትንሽ ወረድ፣ አንዳንዴ ጠጋ። ኪቦርድ ይህን አያውቅም። ቲን ዊስል ግን ይችላል። ጣትህን ከቀዳዳው ላይ ቀስ እያልክ ብታንሸራትተው፣ ትንፋሽህንም ብታላላው ድምፁ ይንቀሳቀስልሃል። ከመሣሪያው ይህ ነው ደስ የሚለኝ። ስለዚህ ቲዩነር (የድምፅ መለኪያ) ላይ አረንጓዴ መብራት እስኪበራ ብቻ አትልመድ። ከማሲንቆው ጋር ተቀምጠህ ልመድ፣ እሱን ተከተል።

አንቺሆዬን ማንም አላነሳም፣ ላንሳው። እሱ ሜጀር ስኬል ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይገባም። ዲ ዊስል ላይ ከሲ ሻርፕ ብትጀምር ሲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ታገኛለህ። የመጨረሻዋ ኤ ሻርፕ ግን የለችም። ከላይ ሁለተኛውን ቀዳዳ በግማሽ ዘግተህ ማውጣት አለብህ። አንድ ኖታ ብቻ ስለሆነ ይለመዳል። ሠርግ ላይ መንፋት ካሰብክ ከአሁኑ ልመዳት፣ ያለ አንቺሆዬ ሠርግ የለም።

የባቲዋ፦

ሰላም ወንድሞቼ። እኔ የምነፋው ለራሴ ነው፣ ባለሙያ አይደለሁም። አንድ የሚጠቅም ነገር ግን አለኝ።

ደሴ ላይ የተስተካከለ ዊስል ባቲ ስታወርደው ከፍ ይላል። ብዙ ሰው ከፍታው ነው ይላል። ከፍታው አይደለም፣ ሙቀቱ ነው። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት ነው። በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 3 ሴንት ገደማ ይቀየራል፣ ግማሽ ድምፅ ደግሞ 100 ሴንት ነው። የደሴ ብርድና የባቲ ሙቀት 10 ዲግሪ ከተለያዩ ዊስሉ 30 ሴንት ያህል ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ይህ ከክራር ጋር ሲሆን በደንብ ይሰማል። ስትነፋው ትንፋሽህ ስለሚያሞቀው ልዩነቱ ይቀንሳል፣ ግን አይጠፋም።

ስለዚህ ለጄነሬሽን የሚደረግ ነገር አለ። ፕላስቲኩ አፍ ከብረቱ ጋር በሙጫ ተጣብቆ ነው የሚመጣው። አፉን ብቻ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆየው፣ ከዚያ ቀስ ብለህ አዙረው። ሲላቀቅ ወጣ ገባ ይልልሃል። ሳብ ስታደርገው ድምፁ ይወርዳል። የፈላ ውሃ እንዳይሆን፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ልብ በል፣ በዚህ መንገድ ማውረድ ነው የምትችለው። ዝቅ ብሎ የመጣን ዊስል ከፍ አታደርገውም።

ደሴ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በብርድ አፉ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ድምፁ ይታፈናል። ከመንፋትህ በፊት አፉን ብብትህ ሥር ወይም ኪስህ ውስጥ አሙቀው። ከታፈነ የድምፅ መውጫዋን መስኮት በጣትህ ሸፍነህ ጠንከር አድርገህ ንፋ፣ ውሃው ይወጣል። አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በመተላለፊያው ውስጥ አሳልፎ ማድረቅም ይረዳል።

የሸዋበሩ ልጅ፦

አላህ ይስጥልኝ እህቴ፣ የብርዱን ነገር እኔም በየማለዳው አየዋለሁ። ምክንያቱን ግን አላውቅም ነበር። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እሑድ ልምምድ አለን፣ የኮምቦልቻውን ሐሳብ ሞክረን እነግራችኋለሁ።

የወልድያ ቱቦ ሠሪ፦

ጣልቃ ልግባና፣ መግዛቱ ካልሆነም መንገድ አለ። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ቀጭን ነጭ ፕላስቲክ ቱቦ በየዕቃ መሸጫው አለ። ከሱ ዋሽንት ይሠራል፣ በፈለግከው ኪይ። ዋሽንት መንፋት ስለምትችል የቲን ዊስሉን አፍ አያስፈልግህም፣ ጫፉን ሞርደህ እንደ ሸምበቆው ትነፋዋለህ።

ርዝመቱን ለመገመት 343ን (የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ በሜትር) በምትፈልገው ድምፅ ፍሪኩዌንሲ እጥፍ አካፍል። ለምሳሌ ሲ 523 ኸርዝ ከሆነች 343 ለ1046 ሲካፈል 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። እውነተኛው ቱቦ ከዚያ ትንሽ ያጥራል። ስለዚህ በዚያው ርዝመት ቁረጠውና እየነፋህ ቀስ በቀስ አሳጥረው። ስታሳጥረው ድምፁ ይወጣል፣ ያሳጠርከውን ግን መመለስ አይቻልም። ቀዳዳዎቹንም በትንሹ ጀምር፣ እያሰፋህ ስትሄድ ድምፁ ይወጣል። ቀዳዳዎቹን ደግሞ ለትዝታ ማይነር ብቻ፣ ወይም ለአምባሰል ብቻ አድርገህ ልትመታቸው ትችላለህ። እንዲያ ሲሆን የማጠፍ ጣጣ የለም፣ የኛ ዋሽንት ጥቅሙ ይሄ ነው።

ጋሼ ባለዋሽንቱ፦

እንዲህ ነው እንጂ! ሸምበቆም ቢሆን ደረቁን መርጣችሁ በዚሁ መንገድ ይሠራል። እርጥቡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

የሸዋበሩ ልጅ፦

ሰላም ጀማዓ፣ ተመልሻለሁ። እሑድ ሞከርነው።

ሁላችንም ቢ ላይ ወረድን። ድምጻዊታችን ኪቦርዲስቱ እስኪነግራት ድረስ ልዩነቱን አላወቀችውም። አምባሰሉ ላይ ሰባተኛዋን ኖታ ለማውረድ ጣቴ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር፣ አሁን እየለመደ ነው። ከማሲንቆው ጎን ተቀምጬ ነው የነፋሁት፣ ማሲንቆ ኩታበር እንዳለው። በጣም ይረዳል። አምባሰሉ ላይ የዲው ስለታም ድምፅ አልከፋም፣ ከማሲንቆው ወፍራም ድምፅ በላይ ጎልቶ ይሰማል።

ትዝታው ላይ ግን ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ከሷ በላይ ይጮሃል። ቀስ ብዬ ብነፋም የላይኛው ኦክታቭ በቀስታ አይወጣም፣ ይወድቃል። እሷም «ድምፄን ሸፈንከው» አለችኝ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ኢ ፍላት አልገዛም፣ ዲው ከቢ ሥራውን ይሠራልኛል። የማስመጣው ቢ ፍላት ጄነሬሽን ነው፣ ለትዝታና ለባቲ ከሲ እንድነፋው። አምባሰል ሲመጣ ወደ ዲው እቀይራለሁ። ክራራችን ቀድሞም በዘፈኖች መሃል ቅኝት ስለሚቀይር ግማሽ ድምፅ መውረዱ አላስከፋውም።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቢ ፍላት ላይ ቀዳዳዎቹ ለጣት ይርቃሉ? የአጎቴ ልጅ ሙዚቃ አታውቅም፣ ሱቅ ስትገባ ጥሩና መጥፎውን እንዴት ትለይ?

ወሎዬ ከደብሊን፦

ከዲው ይሰፋል፣ ግን ይደረስበታል። ዋሽንት ለምዶ ያደገ እጅ አይቸገርም። የሚያስቸግረው ሎው ዊስል የሚባለው ትልቁ ነው። የዛሬውን ዓይነት ሎው ዊስል በርናርድ ኦቨርተን የሚባል ሰው በ1971 ነው የሠራው። ለሱ ጣት ዘርግቶ በመሃለኛው አንጓ መሸፈን ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ቢ ፍላት ከዚያ ሩቅ ነው።

ምርጫውን በተመለከተ፣ በጅምላ የሚሠራ ዕቃ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ይለያል። ከአንድ ሳጥን አንዱ ምርጥ ሌላው መካከለኛ ሊሆን ይችላል። ሱቁ ከፈቀደላት እሷ መንፋት አያስፈልጋትም፣ ሻጩን ንፋልኝ ትበለውና በስልኳ ትቅረጽልህ። ሦስት ነገር አስነፍታ ትላክልህ። አንደኛ ሁሉም ቀዳዳ ተዘግቶ በጣም በቀስታ። ይህ ካንቀጠቀጠ ወይም ቶሎ ወደ ላይ ከዘለለ ሌላ ያንሣ። ሁለተኛ ያንኑ አያያዝ ጠንከር አድርጎ፣ ከላይ ያለው ድምፅ ከታችኛው ጋር ልክ ኦክታቭ መሆኑን በስልክህ ቲዩነር እይ። ሦስተኛ፣ ላንተ ከሁሉም የሚበልጠው፣ የላይኛው ቀዳዳ ተከፍቶ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተዘግቶ። ኤ ፍላት መምጣት አለበት። ትዝታህ ውስጥ ያለችው እሷ ናት፣ እሷ ከተበላሸች ዊስሉ ላንተ አይሆንም።

የአፉ ፕላስቲክ ጠርዝ ላይ የቀረ ቁርጥራጭ ካለም ትይልህ። በቀላሉ ይነሳል፣ ግን ካለበት ድምፁ ይሻክራል።

የሸዋበሩ ልጅ፦

ይህን እንዳለ ገልብጬ ላኩላት። ሦስቱን ቅጂ ስትልክልኝ እዚሁ አስገባዋለሁ፣ እናንተም ስሙልኝ።

ክራር ዘሐይቅ፦

አስገባው፣ አብረን እንሰማዋለን። ኤ ፍላቷን እኔ በክራር ላመሳክርልህ። ሲ ላይ የተቃኘ ትዝታ ማይነር ቀርጬ ነገ እልክልሃለሁ፣ ቢ ፍላቱ እስኪመጣ ድረስ አብረኸው እያንጎራጎርክ ኖታዎቹን በጆሮህ ያዝ።